ለእጥበት ሄዷል

ሐኪሙ ቃሉን የተናገረው ቀና ሳይል፣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። የባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ደክመዋል፤ ከእንግዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ እጥበት ይደረግለታል። ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ደም ሥሩ፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው ብዙ አስረድቶናል፤ የእኔ ጆሮ ግን እዚያች ቃል ላይ ቀርቶ ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ። ባደግኩበት ቤት ስለ አንድ ሰው «እያጠቡት ነው» ከተባለ ሰውየው የለም ማለት ነው። ቀጥሎ ከፈን ነው፣ ቀጥሎ ሶላት፣ ቀጥሎ አፈር። በሕይወት ያለ ሰው ገላውን ይታጠባል እንጂ ለእጥበት አይወሰድም።

ከክፍሉ ስንወጣ ክንዱን ይዤ፣ ይህ ቃል የቤቴን ደጃፍ አያልፍም ብዬ ቆረጥኩ። «ቀጠሮ» እንለዋለን አልኩት። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን እንደዚያው ለመዱ፤ ወሎ ላሉት ዘመዶቹም በስልክ የማወራው ስለ ቀጠሮ ነበር። ኩላሊቱን ትንሽ ያመዋል፣ ቀጠሮ ይሄዳል፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። አገር ላለ ሰው ሩቅ ያለ ሰው የሚነግረው ይኸንኑ ነው።

መጀመሪያ የደረሰን ቀን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነበር። ዓርቡ ባለቤቴን ከሕመሙ እኩል ከነከነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጁምዓ አምልጦት አያውቅም። ይህንን ለእኔ ሲያጉረመርም ከጎናችን ተራ የሚጠብቁ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ሰሙት። የእሳቸው ቀን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ወደ ነርሷ ሄዱና ተመለሱ። ቀናችሁ ከኔ ጋር ተለውጧል አሉን። ኧረ እትዬ፣ እርስዎ እንዳይቸገሩ ብላቸው ሣቁብኝ። «ረቡዕና ዓርብ ለኔ ጾም ነው ልጄ። ተኝቼ ልጹመው።»

የምንኖረው መርካቶ ጫፍ፣ ከመሳለሚያ ገባ ብሎ ነው። ከደጃችን ታክሲ እስከሚቆምበት ድረስ ጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ ቢሄድ ነው፤ ለእኛ ግን ያቺ አምስት ደቂቃ ከማሽኑ ይልቅ ታስፈራን ነበር። ጣቃ ጨርቅ የተሸከመ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ የደረበ ሰው ይመጣብሃል፤ ሁሉም ይቸኩላል፣ ማንም ማንንም አያይም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ካርቶን ባለቤቴን ደረቱን ገፍቶት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ያን ቀን ይህንን ያየ አንድ ተሸካሚ ነበር፤ ባለቤቴ ለሚሠራበት ሱቅ ለዓመታት ጨርቅ ያመላለሰ ጎልማሳ ሰው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጀርባው ባዶ፣ በራችን ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሰላም እንኳ ሳይለን ከፊታችን ቀደመና ድምፁን ለቀቀው።

«ብርጭቆ ነው። አሳልፉ፣ ብርጭቆ ነው።»

መርካቶ ለበሽተኛ መንገድ የማይለቀው ጨክኖ አይደለም፤ ስለማያይ ነው። ለብርጭቆ ግን ይለቃል፤ የሰበረው እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ብርጭቆውን ለማየት ዞር ያለ ሁሉ የሚያየው ኮቱ የሰፋውን አንድ ቀጭን ሰውዬ ነው። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥቅ ያየሁት እዚያ መንገድ መሐል ነበር። ተሸካሚው ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ አላጎደለም። ሳመሰግነው፣ እኔም እኮ መንገዴ ነው ይለኛል። መንገዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የውሃው ነገር ግን የእኔ ሥራ ነበር። የጠጣው ስለማይወጣለት ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከበዛ ሳንባው ይገባል። የተፈቀደለት በቀን ስምንት ሲኒ ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስምንቱን ለክቼ ጠርሙስ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ሾርባም ሻይም የሚቀነሰው ከዚያው ላይ ነው። የተጠማን ማጠጣት ያለውን አጅርና ምንዳ እየሰማሁ ያደግኩ ሴት፣ የገዛ ባሌን ውሃ ስከለክል መዋል ሥራዬ ሆነ። ስግደት ላይ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ሳደርግ፣ የምከለክለው እንዲኖርልኝ ነው፣ አንተ ታውቃለህ እላለሁ። ልጆቹ ውሃ የሚጠጡት ጓዳ ገብተው ነው፤ ቧንቧውንም ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርገው ይከፍቱታል። እንዲህ አድርጉ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም።

ሲብስበት ይለምነኛል፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ብቻ። አልሰጠውም። ያኔ ያሽሟጥጠኛል። የሰፈሩ ቧንቧ ካንቺ ይሻላል፣ በፈረቃም ቢሆን ሲመጣ ይንፎለፎላል ይላል። እሥቃለሁ፣ ጠርሙሱን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ሙዝና ብርቱካን። ለሌላ በሽተኛ መድኃኒት ነው፣ ለእሱ ልብ የሚያቆም መርዝ። ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ማስረዳት ያመጣውን ማሳፈር ሆነብኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጀዛከላህ ብዬ፣ አልጋ ሥር አስገባዋለሁ። ልጆቹ በልተው አይጨርሱትም፤ ክፍላችን የፍራፍሬ ሱቅ ይሸት ጀመር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን የዘረጋው የአንድ የስልጤ ሰው ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁን የተራው ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ ሦስት ልብስ ሰፊ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ልጆቻቸው የሚቆጡ ሰው ናቸው። ከዱባይ ተራ የሚገዛ ሱሪ ሁሉ ይረዝማል፤ ገዢው እዚያው አጣጥፎ ወደ እኛ ይመጣል፣ ባለቤቴ ያሳጥርለታል። እኔ ቤት ሆኜ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የልብስ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ቀጠሮ በሌለበት ቀን ከመኪናው አልቀርም አለ። ቀኑን ሙሉ ባይሠራም ተቀምጦ መዋሉ ይበቃው ነበር።

የዚያ ተራ አራት ሰዓት ማለት ሻይ ማለት ነው። አንዲት ሴት ፔርሙዝና ብርጭቆ ይዛ ትመጣለች፤ ሰፊው ከመኪናው፣ ሻጩ ከመደርደሪያው፣ ተሸካሚው ከሸክሙ ይላቀቃል፤ የቀኑ ቀልድ የሚወራው ያኔ ነው። ባለቤቴ ከሕመሙ በኋላ ወደ መኪናው ሲመለስ ሻይዋ የለችም። አራት ሰዓት ሲሆን አንዱ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ጋሼ ራሳቸው። በረንዳው ላይ እሱና መኪናው ይቀራሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ ማንም የት እንደነበረ አይናገርም።

ይህንን በየቀኑ ሲቆጥር ከርሞ ለእኔ የነገረኝ ከስድስት ወር በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ከሥራ ገብቶ ነው። ሰው ሸሽቶኛል አለኝ። ደሜ የቆሸሸ ስለሆነ አፌ ሳይሸት አይቀርም፣ አንቺ ለምደሽው ነው። አጠገቡ ሄጄ አሸተትኩት፤ አይሸትም አልኩት፤ አላመነኝም። ከዚያ ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሻንጣውን አወረደና ሁለት ሸሚዝ ከተተበት። ነገ ሐሙስ የመጨረሻዬ ነው፣ ቅዳሜ አገሬ እገባለሁ አለ። እዚያ ቢያንስ እስክሞት ድረስ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አላጣም።

በእሱ አገር ያ ማሽን የለም። ያለ ማሽኑ የሚቀረው ዕድሜ በቀን የሚቆጠር እንደሆነ ሐኪሙ ለሁለታችንም ነግሮናል። ሳልዋሽ፣ አገር ሲል የእኔም ልብ ተከተለው። ከሙሽርነቴ ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ እናቴን የቀበርኳት በስልክ ነው። ግን እሱን አጥቼ የማገኘው አገር ምን ያደርግልኛል?

«ያን ሁሉ ውሃ የከለከልኩህ በአፈር ልለውጥህ አይደለም» አልኩት።

ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀመጠው። እኔም አላነሣሁትም።

ሐሙስ ጠዋት ከተሸካሚው ጋር ወደ ታክሲው አስቀደምኩትና ወደ ጋሼ ሱቅ ታጠፍኩ። ባለቤቴ የሚፈራው አንድ ሰው ነው፤ ወሎ ያለ ታላቅ ወንድሙ። ወንድምጋሼ ብሎ የሚጠራው፣ አባታቸው ሲሞት ያሳደገው። እኔ ደውዬ ባወራው ማልቀሴ አይቀርም፣ ካለቀስኩ ደግሞ ነገሩን መናገር አልችልም። ስለዚህ የወንድምጋሼን ስልክ ቁጥር ሰጥቻቸው፣ እባክዎ ጋሼ እርስዎ ይደውሉለት፣ ይምጣና ይምከረው አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም፤ ሰው ሸሸኝ ያለውን እንዴት ብዬ ፊታቸው ላይ ልናገር። ጋሼም ቁጥሩን ጽፈው ያዙ።

እዚያ ተራ ውስጥ ቃሉ እንደ እኔ ቤት የተከለከለ አልነበረም። የት ሄደ፣ እጥበት ሄደ፤ መቼ ይመጣል፣ ከእጥበት መልስ። ለእነሱ አፋቸው ለምዶት የቀጠሮ ያህል ቀሎ ነበር። ጋሼ የደወሉት እኩለ ቀን ላይ፣ ጣቃ እየተራገፈ፣ ሰዉ እየተጯጯኸ ነው። ኋላ እንደነገሩኝ ጮክ ብለው ያሉት ይህንን ብቻ ነበር፦ «ወንድምህ ለእጥበት ሄዷል። ሚስቱ ድረስ ብላሃለች።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እኔ ማታ ስልኬን ሳየው ከወንድምጋሼ ብዙ ያልተመለሰ ጥሪ አገኘሁ። መልሼ ብደውል አይገኝም። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ዓርብ አራት ሰዓት ገደማ ቁልፍ የተከልኩበትን ልብስ ላስረክብ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ሱሪ እያሳጠረ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ለቅሶውን ነው። መርካቶ ብዙ ዓይነት ጩኸት አለ፤ ይህ ግን የአገሬ ነበር፣ ቀጥሎም የባለቤቴ እህት ድምፅ እንደሆነ ለየሁት። ዘጠኝ ሆነው፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወንድምጋሼ ከፊት፣ በሰዉ መሐል እየመጡ ነው። አገር ቤት ሰው ሞቶ መርዶ ሊያረዱን የመጡ ነው የመሰለኝ። ለባለቤቴም የመሰለው ይኸው ነው፤ ሱሪውን ከነመርፌው ለቆ ብድግ አለ።

«ወንድምጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ወንድምጋሼ ቆመ። ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ እንደገና ከራሱ እስከ እግሩ።

«አንተ ነህ» አለው።

ከዚያ እዚያው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ለቅሶው በአንዴ ቀጥ አለ። እህቱ ባለቤቴን ትከሻውን ትደበድበዋለች፤ እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። ጋሼ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ ይላሉ።

ወንድምጋሼ ፊቱን ሲገልጥ ቁጣው ወደ እኔ ዞረ። የምን እጥበት ነው የሚባለው አለኝ። እስከዚያች ሰዓት ቃሏን በአፌ አውጥቻት አላውቅም። ከጋሼ ይልቅ ሰውየውን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ የገባኝም ያኔ ነው፤ ስድስት ወር ቀጠሮ ቀጠሮ ስል ባልደብቅ ኖሮ ማንም አይደነግጥም ነበር። ሁሉም እየሰማ አንድ በአንድ ነገርኩት። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ያጥበዋል፣ ታጥቦ ተመልሶ ይገባል፤ አራት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ካልሆነ አይኖርም። ያ ሻንጣ በሩ ሥር ለምን እንደተቀመጠም ነገርኩት።

«ለእጥበት ሄዶ የሚመለስ ሰው አለ እንዴ?» አለ ወንድምጋሼ።

«አለ» አልኩት። «በሳምንት ሦስት ቀን።»

ጋሼ እንግዶቹን ለመካስ ሻይ አዘዙ። ሴትዮዋ ፔርሙዟን ይዛ ስትመጣ ግን የተራው ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። ጋሼ እንግዶቹን በዓይን እየጠቀሱ ወደ ውስጥ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ከተሰቀለበት በስተጀርባ ይጠሯቸው ጀመር። ወንድምጋሼ መንገድ ያደከመው፣ ጉሮሮው የደረቀ፣ ገና ቁጣው ያልበረደለት ሰው ነው።

«ረመዳን ነው እንዴ ተደብቀን የምንጠጣው?»

የመለሰለት ተሸካሚው ነው፤ ለባለቤቴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱ ውሃ ተከልክሏል፤ ፊቱ ስንጠጣ ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ይቀራል፤ እኛ ደግሞ አያስችለንም። ስለዚህ ሻይዋ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ባለቤቴ ግን ሰምቷል። በመሐላቸው አልፎ ሄደና ጨርቁን ገለጠው። ከኋላው አንድ ሰው ተዟዙሮ የማይቆምበት ጥጋት ነው። የተገለበጠ ሳጥን አለ፤ ላዩ የብርጭቆ ቂጥ ምልክት በምልክት ሆኗል። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽበታም ነጋዴው ጭምር፣ ስድስት ወር ሙሉ በየተራ እየገባ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ነው ሻዩን የጨለጠው። ባለቤቴ ጨርቁን እንደያዘ ወደ እነሱ ዞረ።

«እኔ እኮ አፌ ሸቷችሁ መስሎኝ ነው» አለ።

«አፍህማ ድሮም ይሸታል» አለው ተሸካሚው። «ለሱ ብለን ሻይ አናቋርጥም።»

ሁሉም ሣቀ፤ ባለቤቴ ግን የሣቀው ዓይኑን ከጠረገ በኋላ ነው። ሻይዋን ወደ በረንዳው አውጡ አለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እዚያ ገብቶ እንዳይጠጣ፣ ፊቴ ጠጡ። ወደ እኔም እጁን ዘረጋ። ከቦርሳዬ መለኪያ ሲኒዋን አወጣሁና ከሻዩ ቀዳሁለት፤ ከስምንቷ አንዷ መሆኗን ግን በጆሮው ነገርኩት። ያቺን አንድ ሲኒ የወንድሙ ሁለተኛ ብርጭቆ እስኪያልቅ ድረስ አቆያት።

ወንዶቹ ሁሉ ተያይዘው ጁምዓ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ሲቀመጥ፣ ወንድምጋሼ ሻንጣውን እያየ የያዙት ሚኒባስ ቅዳሜ ጠዋት ከመሳለሚያ እንደሚነሣ ተናገረ፤ ለአንድ ሰው ቦታ አለ። እኔ የጠራሁት እንዲያስቀረው ነው፣ እሱ ቦታ ያሳየዋል። ቀጥሎ ግን ወደ ወንድሙ ዞረና ረጋ ብሎ ተናገረው።

«አገር ብትገባ ማንም አይከለክልህም። ግን እኔ አንዴ አልቅሼልሃለሁ። መንገዱን ሙሉ ነው ያለቀስኩልህ። ለሁለተኛው አቅም የለኝም።»

ባለቤቴ ተነሥቶ ለወንድሙ ትራስ አቀበለው። እኔም ምን እንደቆረጠ አልጠየቅኩትም። ሌሊቱን ዱዓ አድርጌ፣ ከሱብሒ በኋላ እንደ ወትሮዬ ስምንቷን ለክቼ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ይሄዳል ብዬ አልቀነስኩም፣ ይቀራል ብዬም አልጨመርኩም።

ሲነጋ ዘመዶቻችን ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ተሸካሚው ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ ባለቤቴን አየ። ገመዱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ብርጭቆው ወዴት ነው?»

ባለቤቴ ኮቱን እየለበሰ ነበር። እጅጌው ክንዱ ላይ ያለውን የመርፌ ፋሻ አልፎ አልገባ ብሎት ወንድምጋሼ አገዘው። ጫማው ውስጥ እግሩን ከተተ፤ ሻንጣውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ወደ እጥበት» አለ።

ቃሏ በዚያ ደጃፍ ያለፈችው እንደዚህ ነው። ወንድምጋሼ ዛሬ አንቺ ቅሪ፣ እኔ እወስደዋለሁ፣ ይህን ማሽን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም አለኝ። ወጡ። መንገዱ ጫፍ ድረስ ሁለት ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ የተሸካሚው፣ ሌላው እንደ አገራችን ሰው ቃሉን የሚጎትተው የወንድምጋሼ። ብርጭቆ ነው፣ አሳልፉ።

ሻንጣውን ከፍቼ ሸሚዞቹን አወጣሁና ቁም ሣጥኑ ውስጥ መለስኳቸው። አልጋ ሥር ያለውን ሙዝና ብርቱካን ሁሉ ሻንጣው ውስጥ አስገብቼ፣ በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋሁት። መሳለሚያ ድረስ ተሸክሜ ለእህቱ አሳፈርኩላት፤ ለእሱ የተያዘው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ ስልክ ጮኸ። እህቱ ናት፤ ለምሳ መኪናው ቆሞላቸው ነው። ብርቱካኑን እየተሻሙት እንደሆነ ነገረችኝና ወንድሜን አገናኚኝ አለች።

«የለም» አልኳት። «ለእጥበት ሄዷል።»

«ስንት ሰዓት ይመለሳል?» አለችኝ።